የዲዩቲ ሰሌዳውና ቤቱ፦ የአንድ ሐኪም ቤተሰብ ጉዳይ ከደብረ ብርሃን

ይህ የአንድ ሐኪም ጉዳይ ነው፤ ወደ እኔ የመጣችው ግን ባለቤቱ ናት። ከዚህ የጀመርኩት በምክንያት ነው። ሐኪም ሲዝል ቀድሞ የሚያውቀው ቤቱ ነው። ሆስፒታሉ የሚያውቀው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። በኮሮና ጊዜ ስለ ሐኪሞች ድካም ብዙ ተወርቷል፤ ስለ ቤታቸው የተወራው ግን በጣም ትንሽ ነው። እኔ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነኝ፣ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። በዚያ ዘመን ካየኋቸው ቤተሰቦች መካከል የዚህን ቤተሰብ ታሪክ የመረጥኩት፣ ሁላችንም መፍትሔውን ሰውየው ውስጥ ስንፈልግ የተገኘው ግድግዳ ላይ በሚለጠፍ የዲዩቲ (የተረኝነት) ሰሌዳ ላይ ስለሆነ ነው።

ስም አልጠቅስም። ዕድሜንና አንዳንድ መለያ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ። ባልና ሚስቱ አንብበውት ፈቅደዋል።

ቤተሰቡ

እሱ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው፤ ዕድሜው ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ትውልዱ መንዝ፣ ገበሬ ቤት ነው። ከቤተሰቡ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ላይ የሚያርፈውን ሸክም አገራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል። የታመመ ዘመድ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። ከመሐል ሜዳ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ማታ በር የሚያንኳኳ አጎት አይጠፋም። እሱም አይሰለችም ነበር፤ አልጋውን ለቆ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል፣ ጠዋት ይዞት ሆስፒታል ይሄዳል።

ባለቤቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው። ወረርሽኙ ሲገባ ሴቷ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ወንዱ ገና ሁለት አልሞላውም። የሚኖሩት በኪራይ ነው፤ አከራያቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው።

ከኮሮና በፊት ቤታችሁ እንዴት ነበር ብዬ ስጠይቃት ብዙ አላወራችም። "ደክሞት ነው የሚመጣው፤ ግን ይመጣል" አለችኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ይቀመጣል። የልጅቷን ደብተር ያያል። ሌላው ቤት እንደሚያደርገው ነው፣ የተለየ ነገር አልነበረም።

እንዴት ሆነ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት የጃፓን ዜጋ ነበር። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህርቷ ሁለቱን ልጆች ይዛ ቤት ገባች፤ እሱ ደግሞ ያኔ ነው ከቤት የወጣው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኛ ጋ ሕመምተኛ አልነበረም። የነበረው ፍርሃት ነው። የጣሊያን ሆስፒታሎችን በቴሌቪዥን አይተን "ይህ እዚህ ቢመጣ" እያልን ነው ያደርነው። ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ባለበት አገር ይህ ፍርሃት ተራ ፍርሃት አይደለም። እሱ ለዝግጅቱ ተመደበ። ቀን ማስክና ጓንት ይቆጥራል፣ ነርሶችን የመከላከያ ልብሱን እንዴት እንደሚለብሱና በተለይ እንዴት እንደሚያወልቁ ያሠለጥናል፣ ማታ ያነባል። በመሐሉ ስልኩ አያርፍም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይበቃል ወይ? ፌጦ በሎሚ ልጠጣ? እናቴን ከገጠር ላምጣት ወይስ እዚያው ትሁን? አገር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሐኪም እሱ ነው፣ ስለዚህ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሆነ። ቅዳሴውን ሰው በቴሌቪዥን ተከታተለ። እሱ ተረኛ ነበር። እሷ ልጆቹን ይዛ ቴሌቪዥን ፊት ጾሙን ፈታች። "ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ የአንድ ጊዜ ነገር ነው ብዬ ነው" ትላለች።

ሰኔ ላይ ነገሩ ተለወጠ። ታማሚ በዛ። እሱ የኮሮና ሕክምና ማዕከሉ ውስጥ ገባ። ደንቡ ሁለት ሳምንት ማዕከሉ ውስጥ መሥራት፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት ተለይቶ መቆየት፣ ተመርምሮ ነጻ ሲባል ደግሞ ጥቂት ቀን ቤት መግባት ነበር። ወረቀቱ ላይ ሲነበብ ደህና ደንብ ነው። ችግሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጥቂት መሆኑ ነው። አንዱ ሲታመም ሌላው ይጠራል። እቤት ይቆያል የተባለው ቀን ሳያልቅ ስልክ ይደወላል፤ "ነገ ግባ" ይባላል። አንዳንዴ "ዛሬ ማታ" ነው።

ያን ክረምት እሷ በደስታ የሰማችው አንድ ስልክ ብቻ ነው። ሰኔ 9 የእንግሊዞቹ ጥናት ውጤት ወጣ። ዴክሳሜታዞን፣ ያ እኛ ጋ በየመድኃኒት ቤቱ ያለው ርካሽ መድኃኒት፣ በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ሕመምተኞች የሚሞተውን ቁጥር በአንድ ሦስተኛ ገደማ፣ ኦክስጂን ከሚሰጣቸው ደግሞ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል ተባለ። ደውሎ "አለን እኮ! እኛ ጋ አለ!" አላት። እሷ መድኃኒቱን አታውቀውም። ድምፁን ግን አወቀችው።

ኦክስጂኑ ግን እንደዚያ አልሆነም። 7,000 ሊትር የሚይዝ ትልቁ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ አንድ ሰው 12 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሦስት እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ካሉ ሌሊቱን የሚያሳድር ሲሊንደር ስንት ነው? የሚቀጥለው መኪና መቼ ይደርሳል? እቤት ባለበት ቀን እንኳ እራት ላይ ይህን ነበር የሚያሰላው። የልጅቷን ደብተር ገልብጦ ጀርባው ላይ ይጽፋል፤ ሊትር፣ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የሰው ብዛት። ባለቤቱ ያን ደብተር አምጥታ አሳይታኛለች። በፊቱ በኩል የልጅቷ ሀ ሁ አለ፣ በጀርባው የሱ ማካፈል፣ ተሰርዞ እንደገና የተካፈለ፣ ከሥሩ በትልቁ ተጽፎ የተሰመረበት "እስከ 10 ሰዓት ብቻ" የሚል። ወጡ ቀዝቅዞ ነው የሚነሳው።

ግቢው ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በሩ ላይ በረኪና የተጨመረበት ሳፋ ተቀመጠ። ጫማው ውጭ ያድራል። አከራያቸው ስኳር አለባቸውና ፈሩ። "ለጊዜው፣ ልጄ፣ ሌላ ቦታ ብታድር ደስ ይለኛል፤ ጠልቼህ አይደለም፣ ዘመኑ ነው" አሉት። አልፈርድባቸውም። ለሳቸው እውነትም አደገኛ ነበር። ጎረቤቶቹ ግን ወጣቶች ነበሩ። ባለቤቱን ቡና መጥራት ተዉ። ልጅቷ ከጎረቤት ልጅ ጋር ስትጫወት እየተጠራች ትመለሳለች። የሐኪም ሚስት መሆን በመንደሩ ክብር ነበር፤ በአንድ ክረምት መታፈሪያ ሳይሆን መፈሪያ ሆነ።

ተለይቶ በሚቆይበት ጊዜ አመሻሽ ላይ መንገዱ ማዶ ይቆማል፤ ልጆቹ በሩ ላይ ይቆማሉ። እናትየው ልጅቷን ሁለት እርምጃ እንድትርቅ አስተምራታለች፤ ማንም እንዲህ ነው ያስተማረው። አንድ ቀን ተመርምሮ ነጻ ተብሎ ገባ። ልጅቷ እየሮጠች መጥታ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቆመች። "አባቢ፣ ተመርምረሃል?" "አዎ።" ቆማ ጠበቀች። እሱ አጠገቧ አልፎ እጁን ሊታጠብ ሄደ፣ ከዚያ ወደ መኝታ ክፍል ገባ። ይህን የነገረኝ የሕመምተኛ ታሪክ እንደሚያቀርብ ሰው ነው፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ። "ነይ አላልኳትም። ለምን እንዳላልኳት አላውቅም" አለኝ።

እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ከባዱ ነገር ይህ ይመስለኛል። መራራቁ የተጀመረው ከፍቅር ነው። ልጆቼን እንዳልበክል ብሎ ነው። ግን ሰው ለወራት ራሱን ከልጆቹ ሲከለክል ክልከላው ይለመዳል፤ አደጋው ካለፈ በኋላም አካሉ መቅረብን ይረሳል።

ያቺ የስልክ ጥሪ

ነሐሴ ላይ ከቆላው በኩል የመጡ አንድ አባት ነበሩ። ኦክስጂናቸው በጣም ዝቅ ብሎ ነው የደረሱት። ሌሊት አረፉ። ዕቃቸው በፌስታል ታስሮ አልጋው ሥር ነበር። ሬሳው ገና ሳይነሳ ፌስታሉ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ቆመ፤ እንደገና ጮኸ። ነርሷ እሱን አየችው። አነሳው። ከአረብ አገር የምትደውል ልጃቸው ናት። ማስክና መነጽር፣ በላዩ የፊት መከላከያ አድርጎ ስለሆነ ድምፁ አይሰማም። "አባዬ? አንተ ነህ? አባዬ?" ትላለች። "አይደለሁም" አላት። ደጋግሞ መጮህ ነበረበት። መርዶውንም እንደዚያው እየጮኸ ነው የነገራት።

በኛ ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ውሃ ይዞ፣ ደጋፊ ሰው ከጎን ሆኖ ነው የሚነገረው። እሱም የዚሁ ባህል ልጅ ነው። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የስልክ ጥሪ ሲሰማ ሆዱ ይገለበጣል፤ ስልኩን ግን ማጥፋት አይችልም፣ ምክንያቱም መቼ እንደሚጠራ አያውቅም። እቤት ባለበት ቀን ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ልጁ "አባ፣ አባ" እያለ ጉልበቱን ይይዛል፣ እሱ አይሰማም።

2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ሰው ማስኩን አገጩ ላይ ማድረግ ጀመረ። ሁሉም "አለፈ" አለ። አላለፈም ነበር። የካቲት 28 የመጀመሪያው ክትባት አገር ውስጥ ገባ፣ መጋቢት 4 መከተብ ተጀመረ፤ በዚያው ወር ግን ሁለተኛው ከባድ ማዕበል ደረሰ። በዚያ ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች። ከአጣዬና ከአካባቢው የተፈናቀለ ሰው ወደ ደብረ ብርሃን መጣ። ሕክምና የሚፈልገው ሰው በአንድ ጊዜ በሁለት በኩል በዛ።

እሱ ያኔ ነው የወደቀው። ወደቀ ስል አልጋ ላይ አልዋለም። ሥራ ይገባል፣ ይወጣል። ግን ሕመምተኛን በስሙ መጥራት ተወ፤ "አልጋ አራት"፣ "አልጋ ሰባት" ማለት ጀመረ። አስታማሚ ላይ ጮኸ። አንድ ቀን የመድኃኒት መጠን እጥፍ አድርጎ ጻፈ፤ ሲስተሯ አይታ መለሰችለት። እንቅልፍ እንዲወስደው ማታ አንድ መለኪያ አረቄ መውሰድ ጀመረ፣ ከዚያ ሁለት ሆነ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ተሸፋፍኖ ይተኛል። አጎቱ ከመንዝ መጥቶ በር ሲያንኳኳ ለመጀመሪያ ጊዜ "የለም በይው" አላት።

ያን ቀን ነው ወደ እኔ የመጣችው። "ልጆቹን ያያቸዋል ግን አያስተውላቸውም" አለችኝ። ትንሽ ዝም ብላ ደግሞ፣ "እኔ ሁለት ልጅና አንድ እንግዳ ነው የማኖረው።"

ምርመራው

እሱ ሊመጣ አልፈለገም። ከተማው ትንሽ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ያውቀዋል። ዶክተሩ አእምሮ ሐኪም ዘንድ ታየ ከተባለ ወሬው ጠባሴ ሰፈር ሳይደርስ አያድርም። ያግባቡት የንስሐ አባቱ ናቸው። "አንተ ሰውን በጠበል ብቻ አትቅር፣ ሐኪምም ፈልግ ትላለህ፤ ለራስህስ?" አሉት። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ መጣ።

መጀመሪያ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አደረግን፤ ደህና ነው። ክብደት ቀንሷል። እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው። የድብርት መጠይቁ መካከለኛ ደረጃ አሳየ። ራስን ስለማጥፋት ፊት ለፊት ጠየቅኩት፤ ይህን ጥያቄ ሐኪም ስለሆነ ብሎ መዝለል አይገባም። ዕቅድ የለውም፤ "ባልነቃስ" የሚል ሐሳብ ግን አንዳንድ ሌሊት ይመጣበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ሲገልጸው፣ በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ጫና የሚመጣ ሁኔታ ብሎታል። ሦስት ምልክት አለው፤ የኃይል መሟጠጥ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅና ሥራውን መጥላት፣ ከዚያም "የምሠራው ምንም አይረባም" የሚል ስሜት። ሦስቱም አሉ። "አልጋ አራት" ማለቱ ሁለተኛው ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ስም ሲጠራ ሰው ይሆኑበታል፣ ሰው ከሆኑ ደግሞ ሲሞቱ ያመዋል። ድብርቱ በላዩ ተደርቧል። ሁለቱን መለየት ያስፈልግ ነበር፣ ምክንያቱም ድብርቱ በሕክምና ይረዳል፣ በርንአውቱ ግን ሥራው ካልተነካ አይለቅም።

እሷንም መረመርኩ። እስከዚያ ቀን ማንም እንዴት ነሽ ብሏት አያውቅም። እሱ ሲጠራ ሁለቱን ልጆች ለብቻዋ የምታሳድረው እሷ ናት። ማኅበሯን ትታለች። ጀምራ የነበረውን የክረምት ትምህርት አቋርጣለች። ለእናቱ "ደህና ነው" ብላ የምትዋሸው እሷ ናት። እንቅልፏ ከሱ አይሻልም። ልዩነቱ እሱን አገር "ጀግና" ይለዋል፣ እሷን ግን ማንም ምንም አይላትም።

የተሞከረው

መጀመሪያ የተደረገው ሁሉም የሚያስበው ነገር ነው፤ ዕረፍት። የዓመት ፈቃድ ሁለት ሳምንት ወስዶ ወደ እናቱ ሄደ። የገብስ ቂጣ በልቶ፣ አየር ቀይሮ ይመጣል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ግቢው ውስጥ ሕመምተኛ ተሰለፈ። ወገቤን፣ ዓይኔን፣ ልጄን እያለ። እናቱ "ከሩቅ የመጣ ሰው ነው ልጄ" ይሉታል፤ እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ተኝቷል፣ ትንሽ ሥጋ ጨምሮ ተመለሰ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ እንደነበረው ሆነ። ሆስፒታሉም ስለ ጭንቀት የአንድ ቀን ስልጠና አዘጋጅቶ ነበር። ጥሩ ስልጠና ነው፤ የተነገረው ሁሉ ትክክል ነው። ግን ስልጠናው ላይ ሳለ ስልኩ ተደውሎ ተጠራ።

ወደ ዋናው ነገር ያደረሰን ባለቤቱ ያመጣችው የግድግዳ ካላንደር ነው። በዓላትና አጽዋማት ያሉበት፣ በየቤቱ የሚሰቀለው ዓይነት። እሱ እቤት እሆናለሁ ብሎ የቀረበትን ቀን ሁሉ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋበታለች። ለማንም ልታሳይ አይደለም፤ ልጅቷ "አባቢ መቼ ነው የሚመጣው" ስትላት የምትመልሰው አጥታ ነው የጀመረችው። ሁለቱም ባሉበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። የተጣሉበትን ቀን፣ እሱ የጠጣበትን ሌሊት፣ ልጅቷ አልጋ ያረጠበችበትን ቀን እያስታወሱ ጻፉበት።

ጠብ የነበረው ከባድ ዲዩቲ ባደረበት ማግስት አይደለም። ከባድ ዲዩቲ አስቀድሞ ከታወቀ ቤቱ ይችለዋል። ሾርባ ይሠራል፣ ልጆቹ ዝም ይባላሉ፣ ይተኛል፣ ያልፋል። ጠቡ፣ መጠጡ፣ የልጅቷ ማርጠብ በአመዛኙ የተከማቸው ምልክቱ ያለባቸው ቀኖች አካባቢ ነው። እቤት ነኝ ብሎ ተጠርቶ የሄደባቸው ቀኖች ናቸው። እሱ ራሱ ካላንደሩን ብዙ ቆይቶ አየውና፣ "ስለዚህ እኔ እቤት ስሆንም አልነበርኩም፤ ስልኩን እየጠበቅኩ ነበር" አለ።

የሥራው ብዛት አልጎዳም እያልኩ አይደለም። ጎድቷል። ግን ብዛቱን በዚያ ዘመን ማንም ሊቀንሰው አይችልም ነበር። አስቀድሞ ማሳወቅ ግን ይቻል ነበር።

ወደ ክፍል ኃላፊው ሄድን። መጀመሪያ ያለው "ሰው የለም" ነው። ሐቅ ነው፣ የለም። እኛ የጠየቅነው ግን ሰው እንዲጨመር አልነበረም። ሰሌዳው ወር ሳይገባ ይውጣ። አንዱ ቢታመም ማን እንደሚተካው ስሙ እዚያው ላይ ይጻፍ፤ ተጠባባቂ ያልሆነ ሐኪም አይደወልለት። ከሁለት እሑድ አንዱ ሙሉ በሙሉ የቤት ይሁን። የሰሌዳው ቅጂ ለቤተሰብ ይሰጥ። ኃላፊው ቅጂው ላይ ሲደርስ ትንሽ ገረመው፤ ከዚያ "የኔም ሚስት ብታገኘው ደስ ይላታል" አለ። የቀሩት ሐኪሞች ስንጠይቃቸው ደግሞ እነሱም ያንኑ ይፈልጉ ነበር፤ ሁሉም ለየብቻው እየተቃጠለ "ሌላው ችሎታል" ብሎ ያስብ ነበር።

ዋጋ አልነበረውም አይባልም። አንዳንድ ሌሊት ጠቅላላ ሐኪሙ ለብቻው ከባድ ሕመምተኛ ይዞ አድሯል። ጓደኛን ከመጥራት ተጠባባቂውን ጠብቆ መቆየት ይከብዳል። መጀመሪያ አካባቢ ደንቡ ሁለት ጊዜ ተጥሶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ኃላፊው ራሱ ገብቶ ሸፍኗል።

ከዚህ ጎን ለጎን አርብ አርብ ከጠዋቱ ራውንድ (የሕመምተኞች ጉብኝት) በኋላ ግማሽ ሰዓት ተያዘ፤ በዚያ ሳምንት ስለሞቱት ሰዎች ለማውራት። ስለ ሕክምና ስህተት አይደለም፣ ለዚያ ሌላ ስብሰባ አለ። ስለ ሰዎቹ። መጀመሪያ ሻይ ጠጥተው ዝም ብለው ተበተኑ። ሲስተሮቹ ናቸው የከፈቱት። አንዷ ከሞቱ አንድ እናት ጋር ስለ ገብስ ጠላ አጠማመቅ ያወሩትን ስትናገር ሌላውም የራሱን ይዞ መጣ። እሱ የዚያን የስልክ ጥሪ ነገር ለመናገር ብዙ ሳምንት ፈጅቶበታል።

አረቄውን ለማቆም አልተቸገረም፤ እንቅልፉ እስኪመለስ ግን ከበደው። ለድብርቱ ፍሉኦክሴቲን ጀመርን። መጀመሪያ አልወስድም ብሎ ነበር፤ ለስንት ሰው አዝዞ ለራሱ ሲሆን አፈረ። በኋላ ወሰደ፣ ለብዙ ወራት።

ስለ ልጅቷ፣ "ከልጅህ ጋር ጊዜ አሳልፍ" አላልኩትም። እንዲህ ያለ ምክር የተጎዳን አባት ሌላ የሚወድቅበት ፈተና ይሰጠዋል። ይልቅ ሰሌዳው ላይ ዲዩቲ የማያድርባቸውን ቀኖች አይተን፣ በእነዚያ ጠዋቶች ትምህርት ቤት የሚያደርሳት እሱ እንዲሆን ተስማማን። በባጃጅ ሳይሆን በእግር። የደብረ ብርሃንን ጠዋት ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሳይወድ በግዱ ይጠጋጋል። መጀመሪያ ጎን ለጎን ሄዱ። ከጊዜ በኋላ እጇን ጋቢው ውስጥ እንደምታስገባ እናትየው ነገረችኝ። እሱ ይህን አልነገረኝም።

ለእሷ ደግሞ እናቱ ከመንዝ መጥተው ክረምቱን ከነሱ ጋር ከረሙ። የማኅበር ቀኗን መልሳ ያዘች። አከራያቸው ከተከተቡ በኋላ ቡና ራሳቸው ጠሯት።

ከዚያ ወዲህ

ነሐሴ 2013 ላይ ካላንደሩን እንደገና አየነው። ምልክቱ ጥቂት ነው። ሕመምተኛን በስም መጥራት ጀምሯል፤ ይህን የነገረችኝ ያቺ መድኃኒቱን የመለሰችለት ሲስተር ናት። ተሻለው እንጂ እንደ ድሮው አልሆነም። ስልክ ሲጮህ አሁንም ይደነግጣል።

ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲደርስ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞላች። ሰሌዳ የሚባል ነገር ለሳምንታት አልነበረም፤ ሁሉም ገብቶ ያገኘውን ይሠራ ነበር። ባለቤቱንና ልጆቹን አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ላካቸው፣ እሱ ቀረ። የዚያን ጊዜ ልዩነቱ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ነገሩ ጋብ ሲል ሳይጠራ ራሱ ወደ እኔ መጣ። ቤተሰቡ ከመመለሱ በፊት ከኃላፊው ጋር ሰሌዳውን እንደገና አውጥተዋል።

ዛሬም እዚያው ይሠራል። ባለቤቱ የክረምት ትምህርቷን ጨርሳለች። ልጅቷ ሰሌዳውን ራሷ ታነባለች፤ የትኛው ሌሊት የማን እንደሆነ ከሱ በላይ ታውቃለች።

ሰሌዳው ግን በዚህ መልክ የሚሠራው በዚያ አንድ ክፍል ብቻ ነው። የቀዶ ሕክምናና የማዋለጃ ክፍል ሐኪሞች ጠይቀው "ሰው ሲጨመር" ተብለዋል። በቅርቡ ሦስት የሐኪም ሚስቶችና አንድ የሐኪም ባል ተሰባስበው፣ የውስጥ ደዌውን ሰሌዳ ከነተጠባባቂው አያይዘው፣ ለሁሉም ክፍል እንዲደረግ ለሆስፒታሉ አስተዳደር ማመልከቻ አስገብተዋል። ማመልከቻውን የጻፈችው ይህቺው መምህርት ናት። መልስ እየጠበቁ ነው።